ዘንዶ ዓሣው የሚዞርበት ቦታ

ዌንግ ቦሻን በታይናን ከተማ ፍራሽ ሲሸጥ ዕድሜውን ያጋመሰ ሰው ነው። ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ለገበያተኛ ሲያሳይ ማንም እንደ እሱ አያምርበትም። አዲስ ተጋቢዎች መጥተው ጠባቡን አልጋ ሲነካኩ ካየ ይቆጣል።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ አልጋ አይደለም፣ መደርደሪያ ነው! ሰው በእንቅልፉ ካልተገላበጠ ጠዋት ወገቡ አይታዘዝለትም። እስቲ ባልሽን ተመልከቺው፤ ይሄ ትከሻ የት ይግባ?»

ባልየው ይኮራል፣ ሚስትየው ትስቃለች፣ ሰፊው ፍራሽ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ሲባል ከበሩ ትይዩ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ መገላበጥ ያቃተው ዓሣ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ዘንዶ ዓሣ ይሉታል። ቅርፊቱ ትልልቅ ሆኖ እንደ ተወለወለ መዳብ ያበራል፤ አገጩ ላይ ሁለት ጢም አለው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብሎ ማስፈራራት በታይናን አይሠራም። እዚያ ዘንዶው ሀብት ይጠራል ተብሎ፣ የገባው ሁሉ እንዲያየው በር ትይዩ ይቀመጣል። ቦሻን የገዛው ገና ከሩዝ መብያ እንጨት ሲያጥር ነበር። ዓሣ ሻጩ ኬ ያን ጊዜውኑ አስጠንቅቆታል።

«አለቃ ዌንግ፣ አሁን እንደምታየው እንዳይመስልህ። ይሄ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። የገንዳው ወርድ ከዓሣው ቁመት መብለጥ አለበት፣ አለዚያ መዞር አይችልም። ርዝመቱ ደግሞ ዓሣውን ሦስት ጊዜ ያስተኛ።»

«ዓሣ እኮ እንደ ገንዳው ነው የሚያድገው» አለ ቦሻን። «ሲጠበው ራሱ ያቆማል።»

«ማን ነግሮት ነው የሚያቆመው?»

ቦሻን ግን ከኬ ይልቅ የሚያምነው ሜትሩን ነው። በዚያ አገር የአናጢ ሜትር ርዝመት ብቻ አይናገርም። ከቁጥሮቹ ላይና ታች በሁለት ረድፍ ቀይና ጥቁር ቃላት ተጽፈውበታል፤ ቀዩ መልካም ዕድል፣ ጥቁሩ ክፉ። በር የሚያስገጥም፣ ጠረጴዛ የሚያሠራ ሁሉ ልኩ ቀይ ላይ እንዲያርፍለት ይጠነቀቃል። ቦሻንም ጎንበስ ብሎ ለካ፤ ርዝመቱን መቶ ሃያ ሳንቲ ሲያደርገው «ልጅ»፣ ወርዱን ሃምሳ ሲያደርገው «ብልጽግና» የሚል ቀይ ቃል አገኘ። ገንዳው በዚያው ልክ ተሠራ። ስለ ዓሣው ልክ የጠየቀ አልነበረም።

ዓሣው አላቆመም፣ አደገ። ክንድ አለፈና ወደ ስንዝሩ ገባ። መዞር ሲፈልግ ጭራውን በመስታወቱ ላይ ሽቅብ አጥፎ፣ አገጩን እያሻሸ፣ በግድ ይታጠፋል። አንደኛው ጢሙ በዚሁ ተቆረጠ። ቀስ በቀስ ጀርባው ጎበጠ፣ ዓይኖቹም ወደ ታች ዘመሙ።

«ለምንድነው ወደ መሬት የሚያየው?» ይላል ገበያተኛ።

«ትሑት ነው» ይላል ቦሻን።

«ጀርባውስ?»

«ደንበኛ ሲገባ እጅ ይነሳል።»

የዚያ ዓመት ሙቀት ሲጀምር ዓሣው መብላት ተወ። የቦሻን ሚስት ሱዪን ሽሪምፕ ልጣ ከአፉ ፊት ብትይዝለት ጎንበስ እንዳለ አፉን አልከፈተም። ይህቺ ሴት ዓሣውን የመብያ እንጨት ከሚያህልበት ጊዜ ጀምራ በእጇ ያሳደገችው ናት፤ ባሏ ስለ ሀብት ሲያወራ እሷ ስለ አንጀቱ ታስባለች። ኬን ጠራችው። ኬ ገንዳውን ዞሮ አየና መድኃኒት ሳያወጣ ቦርሳውን ዘጋ።

«በሽታ የለበትም። ቦታ ነው የራበው። ሁለት ሜትር ከአርባ በዘጠና ገንዳ ይግባለት። አለዚያ የፊታችንን የዘንዶ ጀልባ በዓል አያይም።»

ቦሻን ሜትሩን ዘረጋ። መነጽር አያደርግም፤ መነጽር ያደረገ ፍራሽ ሻጭ ጀርባውን የሚያመው ይመስላል ባይ ነው። ዓይኑን አጥብቦ አነበበ። «ሁለት ሜትር ከአርባ… ጥቁር! ጉዳት ይላል። ዘጠና… መከራ! አንተ ሰውዬ፣ ጉዳትና መከራን ጎን ለጎን ሱቄ ውስጥ ላስገባልህ?»

«ዓሣው እየሞተ ነው፣ አለቃ።»

«ደግሞስ የት ይቀመጣል? ያ ሁሉ ገንዳ የሚገባው ለገበያተኛ የማሳየው ሰፊው የሙሽራው አልጋ ያለበት ቦታ ብቻ ነው።»

«አልጋው ይነሳ» አለች ሱዪን።

«የሙሽራው አልጋ?»

«ለሰው ሁሉ ካልተገላበጥክ ትሞታለህ ስትል ትውላለህ። ይሄስ ወገብ የለውም?»

«እሱ… እሱ ለሰው ነው!» አለና ወደ ጓዳ ገባ።

እንዲያው ዝም አላለም ግን፤ ለዓሣው ብልሃት ፈጠረለት። በማግስቱ ትልቅ የፊት መስታወት ገዝቶ ከገንዳው ጀርባ አቆመ። «በቃ፣ ገንዳው እጥፍ ሆነ! እሱ በምን ያውቃል?» ዓሣው ግን ሌላ ጎባጣ ዘንዶ በጎረቤትነት የመጣበት መሰለው። የቀረችውን ጉልበት አሰባስቦ ተወረወረበትና ከንፈሩን ሰነጠቀ። ሱዪን የፊት መስታወቱን አንስታ በጀርባው አዙራ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። ከዚያ መነጽሯን አጥልቃ የባሏን ሜትር ከመሳቢያ አወጣች፤ አንድ ቀይ ቃል የሚያርፍበት ሰፋ ያለ ልክ አይጠፋም ብላ ነው። መጀመሪያ የቆመውን ገንዳ ለካች። እንደገና ለካች።

«ቦሻን፣ ና እስቲ። የዚህን ገንዳ ልክ ከየትኛው ረድፍ ነው ያነበብከው?»

«ከቀዩ ነዋ!»

«ቀዩንማ አየሁት። ከላይኛው ነው ከታችኛው?»

ቦሻን ሜትሩን ነጥቆ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ላይኛው ረድፍ ለሕያዋን ቤት፣ ታችኛው ለመቃብርና ለሙታን ማደሪያ መሆኑን በዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እሱም ያውቃል፤ ዓይኑ ነው ያላወቀው። ሱዪን መነጽሯን አውልቃ አፍንጫው ላይ ሰካችለት።

«ከታች… ልጅ። ብልጽግና» እያለ አነበበ። «ከላይ መቶ ሃያው ጉዳት፣ ሃምሳው በሽታ።»

«መቃብር ነው የሠራህለት» አለች። «ደግሞ ጥሩ መቃብር ነው። ዘሩ ይባረካል።»

«ከበሬ ትይዩ? ይሄን ሁሉ ዘመን መቃብር?» ቦሻን ዓሣውን አላየም። ያየው በሩን ነበር። የጉልበቱ ሕመም፣ የጣራው ማፍሰስ፣ ማዶ የተከፈተው ሌላው ፍራሽ ቤት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ምክንያት አገኘ። ወዲያው ኬ ያለውን ልክ ከላይኛው ረድፍ ፈለገ። ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ክብር። ዘጠና፣ ሀብት። ሁለቱም ቀይ!

የሙሽራውን አልጋ ብቻውን እየገፋ ወደ ጓዳ አስገባው። «ኬን ጥሪው! ዛሬውኑ ይዘዝ!»

ሱዪን «ለዓሣው ብለህ ነው?» ልትለው አሰበችና ተወችው። ይህን ብትለው ነገ ሐሳቡን ይለውጣል።

አዲሱ ገንዳ ገብቶ ውሃው ሲረጋ፣ ኬ ዓሣውን ውሃ በሞላ ወፍራም ላስቲክ አቅፎ አሻገረው። ዓሣው ጥግ ይዞ ቆመ። ያ ሁሉ ውሃ ፊቱ ተዘርግቶ፣ ትከሻ ከማያሳልፍ ኮሪደር ድንገት ሜዳ ላይ እንደወጣ ሰው ፈራ።

«ጀርባው ይቃናል?» አለች ሱዪን።

«አይቃናም። ዓይኑም አይነሳም፣ እንደዘመመ ይኖራል» አለ ኬ። «ከበላ ግን ይኖራል።»

ቦሻን ደጅ ወጥቶ ለጎረቤት ሁሉ ስለ ክብርና ስለ ሀብት ይተርካል። ሱዪን በርጩማ ስባ፣ የተላጠ ሽሪምፕ በሳህን ይዛ ተቀመጠች። ገበያተኛ ገባ፣ ወጣ፤ እሷ አልተነሳችም። ከሰዓት በኋላ ዓሣው ከጥጉ ወጣ። ቀስ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ የገንዳው መጨረሻ ሲደርስ እንደ ልማዱ ጭራውን ሽቅብ አጠፈ። ጭራው መስታወት ፈለገ፣ ያገኘው ግን ውሃ ነው። ግራ ገባው መሰለኝ፣ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ያን ጎባጣ ገላውን ይዞ፣ ምንም ሳይነካ፣ ዞረ።

ሱዪን አንድ ሽሪምፕ ጣለችለት። ዋጠው።

ቦሻን እየሮጠ ገባ። «በላ? አየሽ! ክብርና ሀብት ማለት ይሄ ነው! ላይኛው ረድፍ አይዋሽም!»

«አየሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። ሌላ ሽሪምፕ አንስታ እንደገና መዞር እንዲኖርበት በዚያኛው ጫፍ ወረወረችለት።