በሃምሳው የጾመችው አክስቴ

አክስቴ መብላት ትወድ ነበር። ስለ ሞተ ሰው ሲወራ ሁሉም ጸሎተኛ፣ ሁሉም ቁጥብ ነው፤ የእኔዋ ግን ምግብ ሲጣፍጣት ዓይኗን ጨፍና የምትስቅ ሴት ነበረች። የምትናፍቀኝም በዚያ ሳቋ ነው። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የራሷ ልጅ አልነበራትም። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእኔ፣ ሁለተኛዋን ለራሷ፣ ሦስተኛዋንም "አንቺ ገና እያኘክሽ ነው" ብላ ለራሷ ታደርጋት ነበር።

እኔ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ልብስ ስፌት ስጀምር እሷ ከቁይ ከተማ ወዲያ ካለው አገራችን ቀረች። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ የሟች ባሏ የወንድም ልጅ ሊጦራት ገባ፤ መሬቷንም እሱ ያርሰው ጀመር። ጧሪ በማግኘቷ ሁላችንም ደስ አለን።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ጾመኛ ሆነች ተባለ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም" እያለ ጧሪዋ በሰንበቴው ያወራል። ስትከሳ ሰው አደነቀ። እየመራ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዳት ሴቶቹ እጇን እየሳሙ "በጸሎትሽ አስቢን" ይሏታል። በእኛ አገር የሚጾም ሰው ከሳ ብሎ የሚደነግጥ የለም። እኔም በስልክ "እቴቴ፣ እኛን ጥለሽ ገነት ልትገቢ ነው?" እያልኩ እቀልድባት ነበር። ዝም ትላለች። ስልኩ የእሱ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ድፎ ዳቦና አይብ ይዤ ሄድኩ። ቀትር ላይ ደረስኩ። መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ሳቅፋት ጋቢው ብቻ እጄ ላይ የቀረ መሰለኝ። ዳቦውን ስቆርስ ጧሪዋ ከደጅ ገባና "ጾም ላይ ናት፤ አታስቸግሪያት" አለኝ።

"በሃምሳው?" አልኩት።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እኛ አገር የለም። እሱ መሬት መሬቱን እያየ "ስለት ነው" አለ። አክስቴን አየኋት። ያ ደካማ ዓይኗ ዳቦው ላይ ነበር። ጥጃ ሊያስር ሲወጣ ቁራሹን ወደ አፏ አስጠጋሁላት። አፏን ገጥማ ወደ በሩ ዞረች። ያቺ አክስቴ፣ ከዳቦ ፊት አፏን ገጠመች! ደሜ ፈላ።

ልጮህበት ነበር። ግን ብጮህ እኔ ወደ ከተማ ስመለስ እሷ ከእሱ ጋር ነው የምትቀረው። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ነፍስ አባቷ ቤት ወረድኩ። ሽማግሌው ቄስ ነገሬን ሳልጨርስ መስቀላቸውን አነሡ።

"ስለት ቢሆን እኔ ሳላውቀው? ደግሞስ በሃምሳው ጹሚ ያላት ማነው?"

ቤት ስንደርስ "ንስሐ ልሰማ ነው፤ ውጡ" አሉ። ቄስ ንስሐ ሲሰማ ማንም አጠገብ አይቆምም፤ ጧሪዋም እምቢ ማለት አልቻለም። እኔና እሱ ወጥተን አጥሩ ሥር ቆምን። ከዚያ ቄሱ እኔን ብቻ ጠሩኝ።

"ለእኔ የነገርሽኝን እኔ አልናገርም" አሏት። "ለልጅሽ ግን አንቺው ንገሪያት።"

አክስቴ እጄን በዳበሳ ፈልጋ ያዘችው። "ሲለው ይሰጠኛል፣ ሲለው ጓዳውን ይዘጋብኛል። ከተናገርሽ ሜዳ ላይ ነው የምጥልሽ ይለኛል። ሰዉስ ጾመኛ እያለ እጄን ሲስመኝ እንዴት ብዬ ራበኝ ልበል?" አለች። ከዚያም "ራበኝ፣ ልጄ" አለች።

ዳቦውን ከቄሱ ፊት አጎረስኳት። እያለቀስኩ ነበር፤ እሷ አላለቀሰችም።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲሰሙ "የቤት ገበና ነው፤ በእርቅ ይለቅ" አሉ። ቄሱ "እርቁ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ትብላ" ብለው እስከ ቀበሌ አብረውኝ መጡ። ያየሁትን ተናገርኩ፤ እሷም በራሷ አፍ ተናገረች። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ሄደ፣ አክስቴን ደግሞ እኔ ይዣት ደብረ ማርቆስ ገባሁ።

እኔ ቤት ሆና ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰች፤ ሳቋም ተመለሰ። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ገባ። ጠዋት ቁርሷን ሳቀርብላት "አንሺው" አለችኝ። ደነገጥኩ።

"ማን አትብዪ አለሽ፣ እቴቴ? ደካማ ነሽ እኮ፤ መብላት አልተከለከለብሽም።"

"ማንም አላለኝ" አለች፣ ዓይኗን ጨፍና እየሳቀች። "ይሄኛውን እኔው ነኝ ያልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእኔ ናት!"

አሁን እሷ የለችም። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልዬ እኔ ቤት ትቀመጥበት ወደነበረው መደብ እዘረጋለሁ፤ እጄ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ራሴ እበላታለሁ።