የእማዬ መድኃኒት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ

ወንድምሽን ይቅር ብለሽዋል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ አዎ እላለሁ። ከልቤ ግን አይደለም።

ሰመራ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እማዬ አንድ ጊዜ መጥታ ቤቴን እንድታይልኝ ስለምናት ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ታላቅ ወንድሜ የዓመት ፈቃዱን ወሰደና “ይዣት እመጣለሁ፤ እኔም ልረፍበት” አለኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የሰመራን ሐምሌ ግን አውቀዋለሁ። ከቀትር በኋላ የበር እጀታ በጨርቅ ካልያዙት አይነካም፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ደውዬ ምን መያዝ እንዳለባቸው አንድ በአንድ ነገርኩት። ስስ የጥጥ ልብስ፣ ክፍት ጫማ፣ ባርኔጣ፣ ለመንገድ ብዙ ውሃ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእማዬን ኢንሱሊን። እማዬ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ መርፌዋን ካልወሰደች አይሆንም።

“ወንድም ጋሼ፣ መድኃኒቱን በፔርሙዝ፣ ከበረዶ ጋር፣ በእጅህ ያዘው። ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገባው አደራ።”

“ገባኝ እኮ! ምነው ሕፃን አደረግሽኝ?”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያንኑ በጽሑፍ ላክሁለት። ጽሑፉ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሆን ብዬ ነው ያላጠፋሁት።

የሚመጡበት ቀን እኔ ለሥልጠና አዋሽ ሰባት ኪሎ ነበርኩ። አውቶቡሳቸው እዚያ ለምሳ ስለሚቆም፣ ጠብቄ አብሬያቸው ልሳፈር ተስማማን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደረሱ። መጀመሪያ የወረደው ወንድሜ ነው። ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ላስቲክ የለበሰ ሱፍ ልብስ በሁለት እጁ እንደ አራስ ልጅ ታቅፏል። እማዬ ከኋላው ወረደች፤ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ላቧ ከግንባሯ እየተንጠባጠበ።

እማዬን አቅፌ ሳልጠግባት “ይኼ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ሱፌ ነዋ። ሻንጣ ውስጥ ይጨማደድብኛል።”

“ለምንህ ነው ሱፍ?”

“የክልል ዋና ከተማ አይደል እንዴ የምንሄደው? ሰው ምን ይለኛል?”

“መድኃኒቱስ?”

በአገጩ ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ አመለከተኝ።

ከአዲስ አበባ አዋሽ ድረስ ሱፉ ጥላ ውስጥ፣ ጭኑ ላይ ተቀምጦ መጣ። እናታችን በሕይወት የምትኖርበት መድኃኒት ደግሞ ከሸራ ሥር፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ታስሮ ፀሐይ ላይ ተጓዘ።

ሹፌሩን ሻንጣውን እንዲያወርድልኝ ለመንኩት። “የሰመራ ዕቃ ሰመራ ነው የሚወርደው፤ ገመዱን ከፈታሁ ሁሉም አውርድልኝ ይለኛል” ብሎ ፊቱን አዞረ። ጮህኩበት። እሱም ጮኸብኝ። ወንድሜ እጄን እየጎተተ “ሰው እያየን ነው” ይለኛል። በመጨረሻ እማዬ ቀስ ብላ መጣችና “ልጄ፣ መርፌዬ እዚያ ላይ ነው ያለው” አለችው። ሹፌሩ ትንሽ አያትና መሰላሉን ወጣ።

ሻንጣውን መንገድ ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ከፈትኩት። ካፖርት። ጃንጥላ። የዝናብ ቦት ጫማ። ሌላ ጋቢ። አዲስ አበባ ሐምሌ ዝናብና ብርድ ስለሆነ ያንኑ ሐምሌ ጠቅልሎ ይዞልን መጥቷል። ከሥር፣ በሱፍ ካልሲ የተጠቀለሉ ሁለት ብልቃጦች አገኘሁ። መዳፌ ላይ ሳደርጋቸው ይሞቃሉ።

“እንዳይሰበሩ ብዬ እኮ ነው ካልሲ ውስጥ የከተትኳቸው” አለ።

“ተበላሽቷል፣ ወንድም ጋሼ።”

“መድኃኒት ነው እንጂ ወተት ነው እንዴ የሚበላሸው?”

ይህን ያለው ዲግሪ ያለው፣ ቢሮ ውስጥ ሰው የሚያዝዝ ሰው ነው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከውስጥ ሆና ስትሰማን ቆይታለች። ከወሎ መጥታ እዚያ የከተመች ሙስሊም ሴት ናት። ለእማዬ በርጩማ አቀረበችላትና ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠቻት። “ባለቤቴም ስኳር አለበት። ይኼን እንዳትወጊያቸው፣ እህቴ፤ አይታመንም። ከመናኸሪያው ወዲያ መድኃኒት ቤት አለ፣ ኢንሻአላህ ታገኛለሽ” አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ የራሷን ፔርሙዝ በበረዶ ሞልታ አመጣችልኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አይታኝ አታውቅም። የእናቴ ልጅ ግን ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ቆሞ ያየናል።

“አንተ ከእማዬ ጋር ቆይ” ብዬው ባጃጅ ያዝኩ። መድኃኒት ቤቱ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። በሩን ደበደብኩ። አንድ ጎልማሳ ባለሙያ አፉን እየጠረገ ከፈተና የሐኪም ወረቀቷን ጠየቀኝ። ወረቀቱን ስወጣ ከእማዬ ቦርሳ ወስጄው ነበር፤ እሱን እንኳ የያዘችው ራሷ ናት። አነበበና “ቀዝቃዛ መያዣ አለሽ? ያለ መያዣ በዚህ አገር ሙቀት ለማንም አልሰጥም፤ ጥፋት ነው” አለኝ። ፔርሙዙን ሳሳየው ፊቱ ፈታ አለ። ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በረዶው ራሱ እንዳይነካው ከላይ አስቀመጠልኝ። ሲያስረዳኝ የፈጀበት ሁለት ደቂቃ ነው። ያን ያህል ቀላል ነገር ነው።

ስመለስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ወንድሜ ከእማዬ አጠገብ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዞ ተቀምጧል።

መንገዱ ላይ የልቤን ልናገር ገና አፌን ስከፍት እማዬ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። “ተይው። ልጄ ለእኔ አስቦ ነው። አንቺ ደግሞ አንዴ ከያዝሽ አትለቂም።” ከሁሉም ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሁለት ጊዜ የነገርኩት እኔ፣ ከሹፌር ጋር የተጣላሁት እኔ፣ የሰው በር የደበደብኩት እኔ፤ ክፉዋም እኔ! የገዋኔን ከተማ እስክናልፍ በመስኮት እያየሁ አለቀስኩ። ፔርሙዙን ግን ከጭኔ አላወረድኩትም።

ሰመራ በሰላም ገባን። እማዬ የማታ መርፌዋን በሰዓቷ ወሰደች። በማግስቱ ገበያ ወስጄ ድሪያ የሚሉትን ስስ የቆላ ቀሚስ ገዛሁላት፤ “እስካሁን የት ነበር ይኼ?” ብላ ሳቀች። ወንድሜም በሦስተኛው ቀን እጁን ሰጥቶ ሽርጥ አገለደመ። ሱፉ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ከረመ። እውነቱን ልናገርና፣ በየጠዋቱ ማንም ሳያዘው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ መድኃኒቱን በእጁ ሲዳስስ አይቼዋለሁ። “አጠፋሁ” የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

ባለፈው ፋሲካ አዲስ አበባ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ አንዷ የአክስታችን ልጅ ለዕረፍት ድሬዳዋ ልትሄድ መሆኑን አወራች። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ቆላ ስትሄዱ ዋናው ዕቃ አያያዝ ነው። ልብስ ስስ ይሁን። መድኃኒት ከሆነ በፔርሙዝ፣ በእጅ! እኛ አዋሽ ላይ ባንነቃ ኖሮ እማዬን አጥተናት ነበር።”

“እኛ” አለ። ሁሉም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ እማዬም ጭምር። እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁና፣ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ማጠብ ጀመርኩ።