ላህ ወንዝ ዳር ፈላጊ መስለን

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጥቅምት ገና መግባቱ ነበር። ከቤተሰቤ በቀር ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ አፍሬበት ነው።

ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ስድስት ጓደኛሞች፣ ላህ ወንዝን ተከትለን ቁልቁል በእግር ልንጓዝና አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልናድር ተነሣን። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ወንበር ላይ ተጎልቶ የሚውል ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ያምረዋል። ሁላችንም ትልልቅ ቦርሳ አዝለናል፤ ገመድ ይዘናል፤ ረጃጅም ዱላም ቆርጠናል። ውኃው ጎድሏል፣ ግን ገና አልጠራም። መሻገሪያ ስንፈልግ ዮናስ የሚባለው ጓደኛችን እየቀደመ ጥልቀቱን በዱላው ይለካ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጤፍ ማሳ ውስጥ የነበሩ ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው አዩን። ትንሽ ቆይቶ አራቱ ቀርቀሃ ይዘው መጡና ተቀላቀሉን። ከመካከላቸው አያ ፈንቴ የሚባሉ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ "የቡሬ ልጆች ናችሁ?" አሉ። ዮናስ ተወልዶ ያደገው ቡሬ ስለሆነ "አዎ" አላቸው።

"እግዜር ይስጣችሁ። እኛማ ደክሞን ትተነው ነበር" አሉ።

ምኑን እንደተዉት የገባኝ እያዘገምን ሲነግሩኝ ነው። የእህታቸውን ልጅ አበጀን ነሐሴ ላይ ወንዙ ወስዶታል። ቡሬ ይማር ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። በዚያ አገር ሰው ውኃ ሲወስደው ወዳጅ ዘመድ ስንቁን አዝሎ፣ ገመድና ዱላ ይዞ፣ ዳር ለዳር ቀናት እየተጓዘ ይፈልጋል። እኛንም የትምህርት ቤት ጓደኞቹ መስለናቸዋል።

እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር። ግን የልጁ እናት ወይዘሮ ዘውዴ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊታችን ደረሱ። አንድ በአንድ ፊታችንን አዩና "እንኳን መጣችሁ" አሉ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። "እኛ የመጣነው ለመዝናናት ነው" የሚል ቃል እዚያ ፊት ላይ እንዴት ይባላል? ሁላችንም ዝም አልን።

ድንኳኑ ሳይዘረጋ ወይዘሮ ዘውዴ ቤት አደርን። መደባቸውን ለቀውልን እሳቸው ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተኙ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጎሕ ሲቀድ ወረድን። አሁን የምር ነበር። ዮናስ ወገቡን በገመድ ታስሮ ጥልቁ ውስጥ ገባ። ሌሎቻችን ከገበሬዎቹ ጋር የዛፍ ሥሩን፣ የአሸዋ ክምሩን፣ ጎርፍ ያመጣውን እንጨት ሁሉ በዱላ ፈተሽን። ጨርቅ የመሰለ ነገር ባየን ቁጥር በዱላ ጫፍ አንሥተን እናገላብጠዋለን። እኩለ ቀን ድረስ ፈለግን። ምንም አላገኘንም። አያ ፈንቴ "ይበቃል ልጆቼ፣ ሞትን ማን ይረታዋል" ብለው አስቆሙን።

ስንሰናበት ወይዘሮ ዘውዴን ለብቻቸው አግኝቼ፣ "እናቴ፣ ይቅር ይበሉን። እኛ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ለቅሶ የደረሱትን የቡሬ ልጆች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እናንተን ትናንት ሳያችሁ ነው የለየሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሰው ሁሉ ትቶት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ይፈለግልኝ ብዬ ነው።"

ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ፤ ቦርሳችንን አዝለን ወደ አስፋልቱ ወጣን።

መዋሸታችን አሁን ያን ያህል አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ልጁን አግኝተን አፈር ሳናለብሰው መመለሳችን ነው። አበጀን በሕይወት አላየሁትም፤ መልኩንም አላውቀውም። ነገር ግን ዛሬም ለሥራ ወጥቼ የላህን ድልድይ ስሻገር፣ ሾፌሩን ቀስ በል እለውና በመስኮቱ ዳር ዳሩን እፈልገዋለሁ።