ብዙነሽ የለመነችው ዝናብ

ብዙነሽ ጣውንት አለባት ተብሎ በደብረ ታቦር ይወራ ነበር፤ ወሬውን የነዛችውም ራሷ ናት። ጣውንቷ ከአልጋ ሥር የምትተኛ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባች የአየር ሲሊንደር ነበረች። ባሏ ጌጡ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። እንዲህ ያለ ሲሊንደር አዝሎ፣ ጎማውን በጥርሱ ነክሶ አየር እየሳበ፣ ከመርከብ ሆድ ሥር እየገባ ሲጠግን አሥራ ስምንት ዓመት ኖረ። እሷ እዚህ እናቱን ስትጦር በዓመት አንዴ ለፈቃድ ሲመጣ ታየዋለች። በመጨረሻ ጆሮው ተጎዳና በጡረታ ተሰናበተ፤ ለመታሰቢያ የሰጡትን ሲሊንደር ታቅፎም ቤቱ ገባ። "ባሕሩን ተገላገልሁ ስል ቁራጩን ይዞልኝ መጣ" አለች ብዙነሽ።

ሲሊንደሯ የምጽዋ አየር እንደ ሞላች ነበረች። አንዴ ካለቀ የሚሞላው እዚያው ምጽዋ ነው፤ ምጽዋ ደግሞ በዚያ ዘመን ሰው እንዲሁ ደርሶ የሚመለስባት አገር አልነበረችም። ስለዚህ ጌጡ ይሳሳላታል። ጥቂት ያባከነው የቀበሌ ጠባቂዎች ለፍተሻ የመጡ ዕለት ብቻ ነው። ቦምብ ነው ብለው ሲያፈጡበት ቁልፏን ላላ ቢያደርጋት "ፍሽሽ!" አለች፤ አብዮት ጠባቂው ሁሉ ከነጠመንጃው መሬት ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ያን ቤት የፈተሸ የለም።

በሰባ አምስት፣ ኅዳር መገባደጃ ላይ፣ ጌጡ ጎማውን ሲወለውል ቆየና ቀና አለ።

"ጎማው እየተሰነጣጠቀ ነው፤ ለከርሞ አይደርስም። ጣና ወርጄ አንድ ጊዜ ልግባ። አንቺም ነይና ገመዱን ያዥልኝ።"

ጠላቂ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይገባል፤ ጫፉን ዳር የቆመ ሰው ይይዝለታል። ደንባቸው ነው።

"ገመድ ይዤ ባሌን ለጉማሬ ላበላ?"

"ጉማሬ ሣር ነው የሚበላ።"

"አንተስ ከሣር በምን ትሻላለህ? ምን አለህና ነው እዚያ?"

ጌጡ ጎማውን መልሶ መወልወል ጀመረ። በማግሥቱ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስጽፎ፣ ጣውንቲቱን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ብቻውን ወረደ።

ብዙነሽ ሸኝታው በቀጥታ ማርያም ሄደች። ደጁን ተሳልማ፣ "እመቤቴ፣ ብቻ እንዳይገባ አድርጊልኝ። ዝናብም ሆነ ነፋስ ላኪና መልሺልኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። ዝናብ እየለመኑ ጃንጥላ መሳል እንደሚያስቅ እንኳ ልብ አላለችም፤ ሌላ ስለት አልመጣላትም።

ያን ዕለት ማታ ሰማዩ ተቀደደ። ኅዳር ገበሬው ጤፉን አጭዶ የሚከምርበት፣ ደመና ባየ ቁጥር የሚረግምበት ወር ነው። ዝናቡ ሳያባራ ዋለ፤ አደረ፤ በረዶ ጨመረበት። የእህቷ የአሰለፈች ጤፍ ክምሩ ላይ እንዳለ በቀለ። ካህናቱ እግዚኦታ አወጁ። ብዙነሽም ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከሕዝቡ መሐል ቆማ፣ "እግዚኦ፣ አቁምልን!" ትላለች። ዝናቡን የጠራችው እሷ መሆኗን ከእመቤታችን በቀር የሚያውቅባት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አልቻለችም። የነፍስ አባቷን መምሬ ቀለመወርቅን ከእግዚኦታው መልስ አግኝታ ተናዘዘች።

"እና አባቴ፣ ስለቱን ላንሳው?"

"ስለት እንደ ወጥ ጨው ነው ልጄ፤ ከገባ በኋላ ተለቅሞ አይወጣም።" መምሬ ሳቃቸውን በጢማቸው ሸሸጉት። "የዝናቡን ነገር ለባለቤቱ ተይለት። ይልቅ ባልሽ በዚህ ማዕበል ብቻውን ቢገባስ?"

ይህን ብዙነሽ አላሰበችውም ነበር። ዝናብ ከመጣ ይመለሳል ብላ ነው እንጂ፤ ያን ያህል ዘመን ከባሕር ጋር የኖረ ሰው ዝናብ ፈርቶ መች ይመለሳል? ገመዱን የሚይዝለት ደግሞ የለም። በገዛ ስለቴ ገደልሁት አለች።

እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ ይፋግ ወረደች፤ እዚያው አደረች። ሲነጋ ጭቃውን እያቦካች፣ ያየው ሰው እንዳለ እየጠየቀች፣ ወደ ጣና ዳር በእግሯ ሄደች። ጌጡን ያገኘችው አያ ዘውገ ከሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ጎጆ ነው። ብርድ ልብሱን ለሲሊንደሯ አልብሶ፣ እሱ ካፖርቱ ውስጥ ተኮራምቶ፣ የሚናወጠውን ሐይቅ ያያል።

መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ሰደበችው። ከዚያ ስለቱን ሳትደብቅ ነገረችው። ጌጡ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አያ ዘውገ ግን አልሳቁም። "ይህን ሁሉ ቀን ታንኳዬ ታስራ የዋለች በእርስዎ ነው እንዴ እመቤት?" አሉ።

ብዙነሽ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። "አሁን እውነቱን ንገረኝ። ምን አለህ እዚያ?"

ጌጡ ግራ ጆሮውን ነካ። "ይጮኻል" አለ። "ከተጎዳ ወዲህ ሌት ተቀን እንደ ፌንጣ ይጮኻል። ስበላም፣ ስጸልይም፣ አንቺ ስታወሪኝም። ዝም የሚለው ውኃ ሥር ስገባ ብቻ ነው።"

"ይህን ሁሉ ዓመት? ለኔ ሳትነግረኝ?"

"ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። በዚያ ላይ ያንቺ ልቅሶ ሊጨመርብኝ?"

ያን ሁሉ ዓመት "ስጠራህ አትሰማም?" እያለች ስትጮኽበት መኖሯ ትዝ አላት። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ታዲያ ለምን እስካሁን አልገባህም?"

"ገመድ የሚይዝልኝ አጣሁ። አያ ዘውገን ብለምናቸው፣ እኔ ዓሣ እንጂ ሰው አላጠምድም አሉኝ።"

በማግሥቱ ጠዋት ነፋሱ ጋብ አለ። ዝናቡ ግን ቀጭን ሆኖ ቀጥሏል፤ የእርብ ወንዝ ያወረደው ደለልም ሐይቁን አደፍርሶታል።

"በዚህ ውስጥ ምን ታያለህ?" አለች።

"ለማየት አይደለም" አለና ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ጫፉን በእጇ አስያዛት። "አንዴ ከሳብሽ፣ ደህና ነህ ወይ ማለትሽ ነው። እኔም አንዴ ከሳብሁ ደህና ነኝ። ደጋግሜ ከሳብሁ አውጭኝ።"

ጎማውን ነከሰ። ውኃው ጉልበቱን፣ ደረቱን፣ ከዚያ ራሱን ዋጠው።

ትንፋሹ አረፋ ሆኖ እንደሚወጣ ነግሯት ነበር። ግን የዝናቡ ጠብታ ሐይቁን ሁሉ አረፋ አድርጎታል፤ የትኛው የባሏ ትንፋሽ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። እጇን በላት። አንዴ ብቻ ብትስብ ይመልስላታል፤ ልቧም ያርፋል። ብዙነሽ ደግሞ በዕድሜዋ ጥያቄ አሳድራ የማታውቅ ሴት ናት።

"ይሳቡት እንጂ እመቤት፤ ቆየ እኮ!" አሉ አያ ዘውገ ከኋላዋ።

"ይተዉት" አለች። "ከጠየቅሁት ሊመልስልኝ ነው። ትንሽ ይረፍበት።"

ፊቷ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሁን እንባ አይለይም። ከንፈሯን ነክሳ፣ ገመዱን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ሳትስበው ቆመች።

ቆይቶ ቆይቶ ገመዱ ከሥር አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ተሳበ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።