የገለጉ ፖስታ

ይርዳውን መተማ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነበር፤ ትራክተር ሲጠግን በተቆረጠች የግራ እጁ ጣትና ማንንም ሳያሾፍበት በማያሳልፍ አፉ። ጣቱ ከተቆረጠች በኋላ ሰሊጥ ማጨዱን ትቶ ከከተማው ወጣ ባለች የሙከራ ማሳ ዘበኛ ሆነ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ጥላ ግን አለው፤ በመተማ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1973 ዓ.ም. ክረምት የማሳው ባለሙያ ሙሉአለም ሠላሳ ፖስታ ሰጠው። ቦሎቄውን የሚጨርሰውን ዋግ፣ ያን ቅጠል ላይ እንደ ዝገት የሚበንን በሽታ ሊያጠና ፈልጓል። ከመተማ፣ ከአብርሃ ጅራና ከገለጉ አሥር አሥር የታመመ ቅጠል ተለቅሞ ይምጣልኝ አለ።

«አንድ ቦታ አይበቃም?» አለ ይርዳው።

«አይበቃም። ዋግም ዘር አለው፣ ጋሽ ይርዳው። የመተማው ያልነካውን ቦሎቄ የገለጉው ሊጨርሰው ይችላል።»

«ዋግ ደግሞ ዘር ቆጥሮ ነው እንዴ የሚመታ!» ይህን ቀልድ በየጠላ ቤቱ ሲያወራው ከረመ።

የመተማውን ከራሱ ጓሮ ለቀመ። አብርሃ ጅራ በጭነት መኪና ደርሶ መጣ። ወደ ገለጉ ሲያቀና ግን የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው። ሁለት ቀን ዳሩ ላይ ተቀመጠ፤ ስንቁ ጎደለ እንጂ ውኃው አልጎደለም። ተመልሶ ከዚያው ከጓሮው ሌላ አሥር ቅጠል ቀጠፈና፣ በመሠረተ ትምህርት በተማራት ጽሕፈት ፖስታዎቹ ላይ «ገለጉ» ብሎ ጻፈ። ማታለል አልመሰለውም። ዋግ ዋግ ነው።

ሙሉአለም የየፖስታውን ብናኝ በልዩ ልዩ የቦሎቄ ዓይነቶች ላይ እየነሰነሰ ሞከረ። የአብርሃ ጅራው ለብቻው ተለየ፤ የመተማውና የገለጉው ዋግ ግን ቁርጥ አንድ ሆኑ። አንድ ቀይ ቦሎቄ ሁለቱንም ቻላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ያ ዘር በሁለቱም አገር ለገበሬ ማኅበራት ታደለ።

ገለጉ ውስጥ ይርዳው ታናሽ እህት አለችው፤ አገኘሽ ትባላለች፣ ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት። ነጭ፣ ጥቁርና ዥንጉርጉር የተቀላቀለበት የእናታቸው ዘር በጎታዋ ነበራት። የትኛውን ልዝራ ብላ በሰው ላከችበት። ይርዳው ኮራ። «አዲሱን ብቻ ዝሪ፣ በእጄ ያለፈ ነው። የድሮውን ቀቅለሽ ለልጆቹ አብዪ» ብሎ መለሰላት። እሷም እንዳላት አደረገች።

በመስከረም ሽንፋ ሲጎድል ሊጠይቃት ሄደ። ማሳዋ ከሩቅ ቡናማ ሆኖ ሲታየው የደረሰ መሰለው። ቀርቦ ሲነካው ጣቶቹ ዝገት ለበሱ። ፍሬ የቋጠረ ተክል አልነበረም።

አገኘሽ አላለቀሰችም። «ጎረቤቶቼ የድሮውን ቀላቅለው ዘርተው ግማሹ ተረፈላቸው። እኔው ነኝ የቸኮልሁት፣ ጋሼ። አንተማ ደግ አስበህልኝ ነበር» አለችው።

ይርዳው የሚቀልደው አጣ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ዳዋው ራሱን ይወቅሳል። የፖስታውን ነገር ሊነግራት አፈረ። ከማሳዋ አሥር ቅጠል ቀጥፎ ወደ መተማ ተመለሰ፣ በሙሉአለም ጠረጴዛ ላይም አስቀመጠው።

«የገለጉን እኮ አምና ሰጥተውኛል» አለ ሙሉአለም።

«የአምናው የኔ ጓሮ ነው። የገለጉው ይኸ ነው።»

ዘበኝነቱንም በዚሁ አጣ። በዚያ ዓመት የጓሮው ቀይ ቦሎቄ አንድ ቅጠል እንኳ አልተነካም። አጭዶ ወቃና ሁለት ጆንያ በአህያ ጭኖ ገለጉ ወረደ።

አገኘሽ ጆንያውን ፈታ እፍኝ ሙሉ ዘገነች። «ያንተን ዋጉ እንዴት ማረው?» አለችው።

«ለኔ ጓሮ የተመረጠ ዘር ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። ስለ አሥሩ ፖስታም ነገራት።

አገኘሽ የዘገነችውን ወደ ጆንያው መለሰችው።

«ልጆቹ ይብሉት» አለች። «አልዘራውም።»