የወጌሻ እንድሪስ ቅጠልና የኔ አፍ

እኔ ኡሙሃኒ ወሬ አበዛለሁ። ራሴው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ እኔ ባልነግራችሁ ሌላ ሰው ይነግራችኋል። ከሮቢት ወረድ ብላ ባለችው ቀበሌያችን፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ካርድ ሊያወጣ የመጣ ሰው ስሙን ብቻ ነግሮኝ አያልፍም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ ከማን እንደተጣላ ሳልጠይቀው ካርዱን አልሰጠውም። “ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው” እያለ የሚመክረኝ ሞልቷል፤ እኔ ግን ዝም ስል ሆዴን ይነፋኛል፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ እንድሪስ ከገበያው ማዶ የሚኖር ወጌሻ ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ ሰው። ከግመል የወደቀ፣ በሬ የረገጠው፣ በለስ ሲለቅም ከገደል የተንሸራተተ ሁሉ እሱ ደጅ ነው የሚወሰደው። ታማሚው ጮኾ ሳይጨርስ አጥንቱ ቦታው ይገባል። ከዚያ አንድ የተወቀጠ ቅጠል ይለጥፍበትና በሸምበቆ ያስረዋል። የዚያን ቅጠል ስም አባቱ ሊሞቱ ሲሉ በጆሮው ነግረውታል፤ እሱም በተራው ለአንድ ሰው ብቻ፣ በጆሮ ብቻ ሊናገር ምሏል። እኔ ስንት ዓመት ስሙን ላወጣጣው ሞክሬ እንደነበር አላህ ያውቃል።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይድነቃቸው ከደሴ የመጣ ወጣት ጤና መኮንን ነው። ደግ ልጅ ነው፤ የወጌሻ ስም ሲነሳ ግን ግንባሩ ይቋጠራል። ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከማሉዲን የሚባል የግመል ነጋዴ ክንዱን ተሰብሮ ጋሽ እንድሪስ አሰረለት፤ ክንዱ መግል ያዘ፣ ወልድያ ተወስዶ በግድ ተረፈ፣ ከዚያ በኋላ ግን ከትከሻው በላይ አልነሳ አለው። ከማሉዲን ከሰሰ። ወጌሻ እንድሪስ ከእንግዲህ የሰው አጥንት እንዳይነካ የሚል ደብዳቤም ተጻፈ።

ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ የቆየው በዶክተር ሔራን ምክንያት ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት፤ ቻይና አገር ሁለት ዓመት ተምራለች። ጥናቷ እኛንና ቻይናን የሚያወዳድር ነው፦ የባህል ሕክምናን ከጤና ጣቢያ ጋር ማን እንዴት አገናኘው የሚል። ማክሰኞ ዕለት ከወረዳ አንድ ኃላፊ መጥተው እሷን ሰምተው ይወስናሉ ተባለ። ወይ ጋሽ እንድሪስ እኛው ግቢ ውስጥ ክፍል ይሰጠዋል፣ ወይ ደብዳቤው ይደርሰዋል። ጋሽ እንድሪስ ሁለቱንም ያውቅ ነበር። የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ማን ሊነግረው ኖሯል?

ሔራን ቤቱ ስትሄድ መንገድ መሪዋ እኔ ነበርኩ። በቻይና፣ አለችው፣ ወጌሻውና ሐኪሙ በአንድ ጣራ ሥር ይውላሉ። ወጌሻው ትምህርት ቤት ገብቶ ይፈተናል፣ ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ ቅጠሉ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት በመሳቢያ ይቀመጣል። በኛ አገር ደግሞ አብረው ይሥሩ የሚል ወረቀት አለ፤ ነገር ግን ወጌሻው ከገበያው ማዶ፣ ጤና ጣቢያው ከገበያው ወዲህ ነው፤ በመሃል የሚመላለሰው በሽተኛው ብቻ ነው። ጋሽ እንድሪስ አገጩን ይዞ ሲሰማ ቆየና አንድ ነገር ጠየቃት። በኛ ዘንድ መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል፤ ጎሊናን ያለፈ ቅጠል ለፍየል ቁስልም አይሆን። ታዲያ የቻይና መድኃኒት ባሕር አቋርጦ እንዴት ነው የሚሠራው? ሔራን እስክሪብቶዋን ነከሰች፤ ይኼን አላጠናሁትም ብላ ጻፈችው።

የቻይና መርፌም አልተዋጠለትም። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ቻይና ጉልበቱን በመርፌ ሲወጋ አይቶ ነበርና፣ እሾህ ነቅሎ የሚያድን እንጂ ወግቶ የሚያድን አላየሁም ይል ነበር። ጋዋኑ ግን ልቡ ውስጥ ገባ። ባገኘኝ ቁጥር ኪስ እንዳለውና እንደሌለው ይጠይቀኛል። ያ ክፍል አማረው፣ አልደብቃችሁም፤ እኔም አማረኝ። ለእድሜ ልኩ ሥራ አንድ በር ቢከፈትለት ምን ነበረበት?

ማክሰኞ የገበያ ቀን ነው። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ጀለብያውን አሳጥቦ፣ አስተኩሶ፣ አቧራ እንዳይነካው ብሎ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ባጃጅ ላይ ወጣ። እኛ በር ላይ ሲደርስ ባጃጁ ለፍየል ብሎ ታጠፈና ተገለበጠ። ሠላሳ ዓመት ከግመል የወደቀ ሲያቃና የኖረ ሰው ከባጃጅ ወደቀ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ የተሰበረ ቀኝ ክንዱን ሳይ ግን አለቀስኩ።

ይድነቃቸው እጁን አየና ወልድያ ይሂድ አለ። ጋሽ እንድሪስ በግራ ጣቶቹ ስብራቱን ራሱ ዳሰሰ። ቆዳው አልተቀደደም፣ ከሁለቱ የክንድ አጥንት የተሰበረውም አንዱ ነው አለ፤ “እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትስባለህ።” ይድነቃቸው ሔራንን አየ፣ የወረዳውን ኃላፊ አየ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ቀድሞ ግን የሕመም ማስታገሻ ወጋው። ይቺ መርፌስ ደግ ናት አለ ጋሽ እንድሪስ፣ ፊቱ እየቀለለ።

አጥንቱ ተስቦ ቦታው ገባ፤ የቀረው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ያለው ቤቱ፣ ቅል ውስጥ ነው። የሚያመጣው ሰው ቅሉን ከተቀበለ ጀምሮ እስኪያደርስ ድረስ አንድ ቃል መተንፈስ የለበትም፤ ከተነፈሰ መድኃኒቱ ሞተ ማለት ነው። ዘበኛው ታሂር የባጃጁን ሹፌር አንገት አንቆ አለቅም ብሏል። ሌላ ሰው የለም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ፤ ጋሽ እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ “ያ ረቢ” አለ።

ሚስቱ እትዬ መይሙና ዘንድ ስደርስ መናገር የሚቻለውን ሁሉ ቀድሜ ተናገርኩ። ከዚያ ቅሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ወጣሁ። የኛ አገር ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አማን ነሽ፣ ልጆች አማን ናቸው፣ ከብቱስ፣ ማሽላውስ? አለመመለስ ስድብ ነው። የመጀመሪያዋ ሽንኩርት ነጋዴዋ ወይንሸት ነበረች፣ ሃያ ዓመት ወሬ የተካፈልኳት ጓደኛዬ። ሰላም አለችኝ፣ አለፍኳት።

ወይንሸት ባጃጅ መገልበጡን ሰምታለች። በኛ ዘንድ ደግሞ አፉን ዘግቶ የሚሄድ መርዶ የያዘ ሰው ነው። እኔ ዝም ብዬ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ ነጭ ጨርቅ ታቅፌ ከጋሽ እንድሪስ ቤት በኩል ስመጣ ያየች ሴት ምን ትበል? ለሚስቱ አርድታ መግነዣ ይዛ ተመለሰች አለች። ኡሙሃኒ ዝም ካለችማ የሞተ ሰው አለ፣ ተባባለ ገበያው። በአንድ በኩል ኢናሊላሂ፣ በሌላ በኩል ነፍስ ይማር። አልሞተም ለማለት ራሴን ግራ ቀኝ ብነቀንቅ፣ እዩት ሐዘኑ እንዴት እንዳደረጋት ብለው ባሰባቸው። ሆዴ ሊፈነዳ ነው፤ ከኋላዬ ገበያው ሁሉ ነቅሎ እያለቀሰ ይከተለኛል። ከሁሉም ድምፁ የሚበልጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከማሉዲን! ግመሎቹን ጥሎ፣ ሳልታረቀው ሞተብኝ እያለ።

ጤና ጣቢያው ደርሼ ቅሉን በጋሽ እንድሪስ ግራ እጅ ላይ አስቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ፦ አልሞተም፣ አልሞተም! ማን ሰምቶኝ። ግቢው በልቅሶ ተናወጠ። ጋሽ እንድሪስ የተዘረጋ ክንዱን ይድነቃቸው ይዞለት፣ ማን ነው የሞተው ብሎ ቢጠይቅ ወይንሸት እንባዋን እየጠረገች “አንተ ነሃ” አለችው።

ግርግሩ ጋብ ብሎ ክንዱ በቅጠሉ ከታሰረ በኋላ ሔራን አንድ ነገር ጠየቀች፤ እሱ አጥንቱን ያቃናለት እጁን ያንሳ። ሃምሳ ሦስት ሰው ቆጠረች። እግሩን ያነሳ አለ፣ ጎድኑን ሊያሳይ ሸሚዙን ያወለቀ ሽማግሌ አለ። የከማሉዲን እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ይኼስ፣ አለች ሔራን፣ እንዴት ይቆጠር? የወረዳው ኃላፊ ከመሳቢያው የተረከቡትን ደብዳቤ ከኪሳቸው አወጡ። ጋሽ እንድሪስ የአላህ ውሳኔ ነው ሊል ይችል ነበር፤ ሁላችንም አሜን ብለን እናልፍለት ነበር። እሱ ግን የከማሉዲንን ክንድ ብቻ ያይ ነበር።

“ያንተ አጥንት ቆዳህን ቀዶ ወጥቶ ነበር፣ ከማሉዲን። የኔ ሥራ አልነበረም፤ በዚያው ሰዓት ወደዚህ መላክ ነበረብኝ። ትዕቢት ያዘኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፉ በለኝ።”

ከማሉዲን በደህና ክንዱ አንገቱን አቀፈው። ኃላፊው ደብዳቤውን አጥፈው መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

ከካርድ ክፍሉ ጎን ያለችው ክፍል ለጋሽ እንድሪስ ተሰጠች። ቆዳ የቀደደ ስብራት ሲመጣ ሳይነካ ለይድነቃቸው ሊሰጥ ተስማማ። የቅጠሉን ስም ግን ኃላፊው ሙላ ባሉት ቅጽ ላይ አልጽፍም፣ መሐላ አለብኝ አለ። ሔራን እንግዲያው ቅጠሉ ሰው ቢጎዳ የሚያውቅ ይኑር፣ ከጤና ጣቢያው ለአንድ ሰው ይንገር አለች። ይድነቃቸው ጆሮውን አዘንብሎ ቀረበ። “አንተ አይደለህም፣ ኡሙሃኒ ትምጣ” አለ ጋሽ እንድሪስ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ገበያን በማክሰኞ ቀን ዝም ብሎ ያለፈ ሌላ ሰው አላውቅም አለና በጆሮዬ ነገረኝ።

ስሙን ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም፣ ለወይንሸትም። እናንተም አትጠብቁ።

ጋዋኑን ለብሶ ሰባት ዓመት ሠራ። አንድ ማክሰኞ ጧት ሱብሒን ሰግዶ እንደተቀመጠ ሄደ። ለጤና ጣቢያው ላደርስ በገበያው መሃል እየሮጥኩ ነበር፣ ጋሽ እንድሪስ ሞተ እያልኩ፣ እየጮህኩ፣ እያለቀስኩ። ወይንሸት ከሽንኩርቷ ቀና ብላ ሳቀችብኝ። እየተናገርሽ መርዶ የለም፣ ሂጂ አንቺ፣ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣሽ አለችኝ። ማንም አላመነኝም።

እኔም ቆምኩ፤ አፌን ዘጋሁ። ያኔ ወይንሸት ሚዛኗን አስቀመጠች፣ ገበያውም ብድግ አለ።