ከጫማው ጋር የገባው

ሠላሳ ዓመት በቅሎ ስነዳ እግሬን ያልወጋው ነገር የለም። አንዱም አልጣለኝም። የጣለኝ ጫማ አድርጌ የተወጋሁት ነው።

ጫማውን የሰጠኝ ከጊች ተራራ ጓዙን ያወረድሁለት ፈረንጅ ነበር፤ ሶሉ እንደ ድፎ ዳቦ ወፍራም፣ ውስጡ ስፖንጅ። የጎማ በረባሶዬን ጥዬ ክረምቱን ሙሉ በሱ ኮራሁ። ዝናብ ይጠጣል፣ አይደርቅም፤ በማግስቱ እርጥቡን አጠልቀዋለሁ። የሚስቴ ወንድም "ሚስተር፣ እንዴት አደርክ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ደባርቅ ገበያ ዳር ሚስማር ሶሉን በስቶ ተረከዜን ወጋኝ። ነቅዬ ጣልሁት። በሳምንቱ እግሬ አበጠ፤ መግሉ አረንጓዴ ሆነ። ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጡኝ፣ ዋጥሁ። ሌላ ሰጡኝ፣ ዋጥሁ። በሁለት ወሩ አጥንቱ ተነክቷል ብለው ጎንደር ሆስፒታል ላኩኝ።

እዚያ ፈርም ብለው ወረቀት አቀረቡልኝ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ድሮ ቢሆን አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እሰጣቸው ነበር። ቀስ ብዬ አነበብሁት። "አስፈላጊ ከሆነ እግሬ እንዲቆረጥ" ይላል። እስክሪብቶውን መለስሁ።

"በቅሎ ነጂ በምኑ ሊሄድ ነው?"

ወጣቷ ሐኪም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "አባቴ፣ ሲወጋዎት ምን ተጫምተው ነበር?"

"ጫማዬ ምን ያደርግልሻል? እግሬን እይ እንጂ!"

"ባዶ እግርዎን ነበሩ?"

"የፈረንጅ ጫማ ነው! ስፖንጅ ያለው።"

"እርጥብ ነበር?"

"መች ደርቆ ያውቃል።"

"ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይሆናል" አለች። "እርጥብ ነገር ውስጥ ይኖራል። ጤነኛ ቆዳ አይደፍርም፤ ቀዳዳ ሲያገኝ ነው የሚገባው። የዋጡት ክኒን አይነካውም።"

ገባኝ። አጥር እስኪወድቅ ጠብቆ የሚገባ በሬ አውቃለሁ። ሰውም አውቃለሁ።

መግሉን አስመረመረች፤ እሱው ሆኖ ተገኘ። ሌላ ወረቀት መጣ፤ "ቁስሉን ከፍቶ ማጽዳት" ይላል። ሁለቴ አንብቤ ስሜን ጻፍሁ። የበሰበሰውን ጠርገው አወጡ፤ የሚነካውን መድኃኒት በመርፌ ሰጡኝ። ከሳምንታት በኋላ መግሉ ደረቀ። ተመስገን።

ቤቴ ስገባ ሚስቴ ጫማውን አጥባ ደጃፍ ላይ አስጥታ ጠበቀችኝ። አንስቼ እሳት ውስጥ ከተትሁት፤ ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ።

"ምነው ለኔ ብትሰጠኝ?" አለ ወንድሟ።

"እግርህን ጠልተኸዋል እንዴ?"

በረባሶዬን አጠለቅሁና ወደ በቅሎዋ ሄድሁ። አነክሳለሁ። ግን በሁለት እግሬ ነው።